የመምህር እንዳለ አቁማዳ

አሶሳ ውስጥ «መምህር እንዳለ የት ይገኛል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከመልሱ በፊት ፈገግታ ያገኛል። «ክፍል ከሌለው ኩሬ ዳር ነው» ይሉታል። «ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ ውሃ የሚያይ ሰው ካገኘህ እሱ ነው። ድንገት እንዳትጠራው፣ ይደነግጣል።» እውነታቸውን ነው። እንዳለ በመምህራን ኮሌጅ ባዮሎጂ ያስተምራል። አርባን ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ከማጎንበስ ብዛት ትከሻው የታጠፈ ሰው ነው። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የሸሚዝ ኪስ እሱ የመስታወት ጠብታ መምጠጫ ሰክቶ ይዞራል። «አገሬው ወርቅ ያጥባል፣ እሱ ጭቃ ያጥባል» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን አንድ ሕመም አለበት፤ ይሉኝታ። ሻዩ ውስጥ በስሕተት ጨው ቢገባበት «እጅሽን ይባርከው» ብሎ ጨርሶ የሚጠጣ፣ እግሩን የረገጠውን ሰው ራሱ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ተማሪ ሲኮርጅ ሲይዝ ከተማሪው ይልቅ እሱ የሚያፍር ዓይነት ነው። እናቱ እማማ ሰንበቴ «ይሄ ልጄ ጅብ ቢበላው እንኳ ‹አጥንቴ እንዳይወጋህ› ነው የሚለው» ይላሉ።

እማማ ሰንበቴ የወሎ ሰው ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከባለቤታቸውና ከአንዲት ሕፃን ልጃቸው ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጡ። የሕፃኗ ስም የወርቅውሃ ነበር። ደገኛ ወባን አያውቅም፤ የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ የወርቅውሃን ወባ ወሰዳት። እንዳለ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ያላያትን እህቱን ግን እንዳያት ያውቃታል፤ እናቱ ስሟን ሳያነሡ ውለው አያድሩም። ተምሮ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቀጠር ያቋቋመው የጸረ ወባ ክበብም ከዚሁ የመጣ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ተማሪዎቹን ዶማና አካፋ አስይዞ ሰፈር ለሰፈር ያዞራቸዋል። «ያቆረ ውሃ ካያችሁ አትለፉት!» ይላቸዋል። ከክበቡ ልጆች ሁሉ አብልጣ የምትጮኸው ኢቲዳል የምትባል የበርታ ልጅ ነበረች። ዛሬ አድጋ፣ አግብታ፣ እዚያው የእንዳለ ሰፈር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆናለች። መምህሯ ባስተማራት ነገር ከመምህሯ በላይ ታምናለች።

ነገሩ የሚያስቅ ነው። ጠላቱን ሊሰልል ኩሬ ላይ ያጎነበሰው ሰው ከኩሬው ጋር ተፋቀረ። የትንኝ እጭ ፍለጋ የቀዳውን ውሃ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ እጭ በሌለበት ጠብታ ውስጥ የሚተረማመስ ሕዝብ አገኘ። ሰውነታቸው አንዲት ሕዋስ ብቻ የሆነ፣ እጅና እግር የሌላቸው፣ በላያቸው በበቀለ ሽፋሽፍት እየቀዘፉ የሚዋኙ ፍጥረታት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዳለ ሁለት ሰው ሆነ፤ አንዱ እንዳለ ኩሬ ያፋስሳል፣ ሌላው ከመፋሰሱ በፊት አንድ ብልቃጥ ቀድቶ ይሮጣል። ሁለቱ ሳይጣሉ ብዙ ዓመት ኖሩ።

በአንድ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከሰፈሩ ማንጎዎች በስተጀርባ ካለችው ኩሬ ውሃ ቀዳ። ኩሬዋ ዝናብ የሚሞላት፣ በጋ የሚያደርቃት፣ የሰፈሩ ከብት የሚጠጣባት ተራ ኩሬ ነች። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሣው፣ ውሃው ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች ሲንሳፈፉ አየ። በባዶ ዓይን ይታያሉ! የሽፋሽፍታሞቹ ወገን ሆኖ በባዶ ዓይን የሚታይ እምብዛም አይገኝም። ሮጦ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባው።

አቁማዳ ነበር። እህል የሚጫንበት የቆዳ አቁማዳ፣ አፉን ከላይ እስከ ወገቡ በርግዶ ይዋኛል። አፉ ውስጥ እንደ መስክ ሣር የሚወዛወዝ ሽፋሽፍት አለ። ሆዱ ውስጥ ደግሞ አስኳሉ እንደ ጠፍር ረዝሞ ተጠማዟል። እንዳለ እያየው አንድ ምስኪን ፓራሜሲየም፣ ያው እያንዳንዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩ ላይ የሚስለው ጫማ መሰል ፍጥረት፣ በዚያ በተበረገደ አፍ በር አለፈ። አቁማዳው ከነነፍሱ ዋጠው። እንዳለ ብቻውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሰው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቀው።

መጽሐፍ አገላበጠ። ቡርሳሪያ ከሚባለው ወገን ነው። በዓለም ላይ አዲስ አይደለም፤ ሌላ አገር ስም ወጥቶለታል፣ ሥዕል ተሥሎለታል። በዚህ አካባቢ ውሃ ግን «አየሁት» ብሎ የጻፈ ሰው የለም። እንዳለ ያን መጀመሪያ የሚጽፍ ሰው ሊሆን ነው። ይህን ሲያስብ ጆሮው ይግላል።

ብቻውን ግን አይችለውም። አዲስ አበባ ዶክተር ጸሐይነሽ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በእነዚህ ፍጥረታት ላይ የጨረሱ ሴት አሉ፤ እሳቸው ካላረጋገጡት ማንም አያትመውም። እዚህ ላይ እንዳለ የቆየ ዕዳ አለበት። ከጥቂት ዓመት በፊት «አዲስ ነገር አገኘሁ» ብሎ በደስታ የላከላቸው ፎቶ የአየር አረፋ ሆኖ ተገኝቷል። ዶክተሯ አልሳቁበትም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ሲያስታውሰው ትራሱን ይነክሳል። አሁን በስልኩ ቀርጾ የአቁማዳውን ቪዲዮ ላከላቸው። በማግስቱ ደወሉ።

«እንዳለ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል እንጂ ያየሁትን ወድጄዋለሁ» አሉ። «ኅዳር ላይ ለሥልጠና አሶሳ እመጣለሁ። እሑዱን ላንተ እሰጥሃለሁ። ሕያው ሆኖ በዓይኔ ልየው፤ ከዚያ ቀለም እናስገባለታለን፣ እንለካዋለን፣ አብረን እንጽፈዋለን። ሳላየው ግን ስሜን አላስገባም። ተስማማን?»

«ተስማምተናል፣ ዶክተር» አለ እንዳለ። እስከ ኅዳር አቁማዳዎቹን በሕይወት ማቆየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቀላል መሰለው።

ከኮሌጁ ይልቅ ቤት ይሻላል ብሎ ብልቃጦቹን ሳሎን መስኮት ላይ ደረደራቸው። በአንዱ ብልቃጥ የተቀቀለ ስንዴ ፍሬ ይጥላል፤ ውሃው ሲሸት ፓራሜሲየም ይራባል። ያን ለአቁማዳዎቹ እየቀዳ ይመግባል። «ከብት ማርባት ነው» ይላል። እማማ ሰንበቴ ደግሞ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ ጣሪያችን እያፈሰሰ አንተ ውሃ ትቀልባለህ» ይሉታል።

መስከረም ሲጠባ በወረዳው የተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ ይገባል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ኢቲዳል ቦርሳዋን በውሃ ማከሚያ እንክብል ሞልታ ቤት ለቤት ዞረች። እማማ ሰንበቴ ዘንድም ደረሰች።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ሁሉ ይህ ይግባበት» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም! አንድ እንዳይቀር። ቲቸርም ድሮ እንዲህ ነው ያስተማረን።»

እማማ ሰንበቴ የተነገራቸውን የሚያጎድሉ ሰው አይደሉም።

ማታ እንዳለ ከሥራ ሲመለስ እናቱ በሩ ላይ በደስታ ተቀበሉት። «ና እየው እስቲ! ያ የሸተተ ውሃህ እንዴት እንደጠራልህ! እኔ ነኝ ያከምኩልህ።» ብልቃጦቹ እንደ መስታወት ጠርተዋል። ከሥራቸው ቀጭን ነጭ አቧራ ዘቅጧል። እንዳለ አየ፤ እናቱን አየ፤ እንደገና ብልቃጡን አየ። የእናቱ ፊት ላይ ያለውን ደስታ ለማጥፋት ልቡ እንቢ አለው።

«እጅሽን ይባርከው፣ እማዬ» አለ። እራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሲነጋ ባልዲ አንጠልጥሎ ወደ ኩሬዋ ሄደ። «ምንጩ አለ፣ እንደገና እቀዳለሁ» እያለ ራሱን እያጽናና ነበር። ማንጎዎቹን ሲያልፍ ዘፈን ሰማ። ሃምሳ የሚሆን ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ይተራመሳል። ውሃው በተቆፈረ ቦይ ወደ ቁልቁለቱ ፈስሷል። የኩሬዋ ጭቃ ተጠርጎ ተነሥቷል። አሁን ጉድጓዱን በገረጋንቲ እየሞሉ ነው። ገረጋንቲው ክምር ላይ ኢቲዳል ቆማለች፤ ፊቷ በላብና በኩራት ያበራል።

«ቲቸር! ያ ሰላም! በሰዓቱ መጣህ!» አለች፤ አንቱታ አይሆንላትም፤ እሱም ያን ይወድላታል። «እየው፣ የወባ ቤቷን ደፈንነው። ‹ያቆረ ውሃ ካያችሁ አትለፉት›፤ ይኸው አላለፍንም! ኮራህብኝ?»

እንዳለ አፉን ከፈተ። «ኮራሁ» አለ።

«ባልዲው ለምንድን ነው?»

«ላግዛችሁ... ላግዛችሁ ብዬ ነው።»

አገዛቸው። እስከ ቀትር ድረስ በዚያው ባልዲ ገረጋንቲ እየተሸከመ ኩሬዋ ላይ ሲያፈስ ዋለ። ሰዉ «በርታ መምህር!» ይለዋል፤ እሱም «አብረን እንበርታ!» ይላል። ኢቲዳልን የጠላት የመሰለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። እውነቷን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ ጭቃ በተነሣች ትንኝ ስንት የሰው ልጅ ሊታመም እንደሚችል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያዘነው ራሱ ያስተማረው ትምህርት ዞሮ ስለመታውና ለማንም መናገር ስላልቻለ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እንዳለ አሶሳን ዙሪያዋን ዞረ። የቀርከሃ ጫካ ውስጥ የቆመ ውሃ፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ፣ የመንገድ ዳር ቦይ፣ ምንም አልቀረውም። ፓራሜሲየም ሞልቷል፤ አቁማዳ የለም። አንድ ጊዜ ማንም ሳያየው ገረጋንቲውን ዳር ዳሩን ቆፈረ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አቁማዳው ውሃ ሲደርቅበት አይሞትም። ራሱን ያኮማትራል፣ በድርብ ቅርፊት ይዘጋል፣ ጭቃው ውስጥ ይተኛል። ዝናብ ሲያገኘው ይነቃል። የዚያች ኩሬ ጭቃ ጭብጥ ቢገኝ በቂ ነበር። ጉድጓዱ ግን እስከ ቀይ አፈሩ ድረስ ተጠርጓል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከአንድ ረግረግ ጉልበቱ ድረስ ተለውሶ ሲመለስ የኢቲዳል ባል ሚፍታህ በባጃጁ አገኘው። እንዳለ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ለመግባት አፈረ።

«ግባ ቲቸር፣ ችግር የለም!» አለ ሚፍታህ። «ባጃጅ ጭቃ ለምዳለች። ያን ቀን ኩሬ ሲደፈን፣ ሚስቴ ‹የኩሬ ጭቃ ጥሩ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ጫን› አለኝ። ወላሂ፣ ሙሉ ቀን ጭቃ ጫንኩ። አዲስ ማድ ቤት በሱ መረግን።»

ገብቶ የተቀመጠው እንዳለ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣና ጭንቅላቱን ከባጃጁ ጣሪያ ጋር አጋጨው። «የት ነው ማድ ቤቱ?»

«ቤታችን ነዋ!»

በማግስቱ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ኢቲዳል ቤት ሄደ። ማድ ቤቱ አዲስ ነው፤ የቀርከሃ ግድግዳው ወፍራም ተመርጓል፣ በላዩ ላይ በአመድና በእበት ተለስኗል፣ ጠርዙ ደግሞ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ኢቲዳል የሠራችው በገዛ እጇ ነው። «ያምራል?» አለችው። በእውነት ያምራል። እንዳለ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ስለ አየሩ፣ ስለ ማንጎው በሽታ፣ ስለ መብራት መጥፋት አወራ። ቁራሽ ግድግዳ ስጪኝ ማለት ግን እንዴት ተደርጎ? ሰው ከሰው ቤት ግድግዳ ይለምናል? ልትቀዳለት ያለችውን ሻይ ልታመጣ ዞር ስትል፣ ከበሩ ጀርባ በጥፍሩ ትንሽ ፋቀና መሐረቡ ውስጥ ቋጠረ። ስትመለስ ጣቱ ገና ግድግዳው ላይ ነበር።

«ምን ሆነ፣ ቲቸር?»

«ደርቋል ወይ ብዬ ነው። ደርቋል። በደንብ ደርቋል።»

ቤቱ ወስዶ አፍልቶ ባቀዘቀዘው ውሃ ዘፈዘፈው። ጠበቀ። የወጣ ነገር የለም። የፋቀው ጭቃውን አልነበረም፤ ከላይ ያለውን አመዱንና እበቱን ነው። የኩሬዋ ጭቃ ከሥር ነው ያለው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ግድግዳውን መስበር ያስፈልጋል። በዚያው ሰሞን ዶክተር ጸሐይነሽ ደወሉ። «የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፣ እንዳንረሳሳ!» አሉት በደስታ። «አልረሳሁም» አለ። ስልኩን ዘግቶ አልጋው ላይ ተዘርሮ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ።

እማማ ሰንበቴ መጥተው ከእግሩ ሥር ተቀመጡ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ። እኔ እናትህ ነኝ፤ ጉንጭህ ሲጎድል አያለሁ። ተናገር።»

ተናገረ። አረፋውን፣ ቪዲዮውን፣ ብልቃጡን፣ ገረጋንቲውን፣ ግድግዳውን፤ አንዴ ከተፈታ በኋላ ማቆም አልቻለም። እናቱ እስኪጨርስ ሰሙት።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» አሉ በመጨረሻ።

«አላወቅሽም እኮ፣ እማዬ።»

«ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

እማማ ሰንበቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ የቆመ ውሃ ካየሁ እጄ አያርፍም» አሉ። «የወርቅውሃ የሞተች ጊዜ ከደጃችን ውሃ ቆሞ ነበር። ስንት ቀን በአጠገቡ ተመላለስኩ፤ እሱ እንደሆነ ማን ነገረኝ? ብነግርህ እኮ አታምነኝም፣ ልብስ አጥቤበታለሁ።» ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ። «ተነሥ። ሰው ሳይነግሩት አያውቅም። ተነሥ እንሂድ!»

ኢቲዳል ማድ ቤቷ ደጃፍ ላይ ነበረች። እንዳለ «ማለቴ... ካላስቸገርኩሽ...» እያለ ሲጀምር እናቱ ቀደሙት። ነገሩን ሁሉ፣ ከእንክብሉ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ ነገሯት። ኢቲዳል ስትሰማ ፊቷ ተቀያየረ።

«ቲቸር» አለች፤ ድምፅዋ ተቆጥቷል። «አንተ ባልዲ ይዘህ ገረጋንቲ ስትሸከም ‹በርታ› እያልኩህ ነበር። እየሣቅሁ! አንድ ቃል ብትለኝ አንድ ጀሪካን ውሃ አስቀርልህ አልነበረም? እኔ ምን ነኝ? ባዳ ነኝ?»

«ይከፋሻል ብዬ...»

«አሁን ነው የከፋኝ!»

ተነሥታ ገባች። መዶሻ ይዛ ወጣች። እንዳለ «ኧረ ተይ፣ ኧረ በጥቂቱ!» ሲል፣ ያን በእጇ የለሰነችውን ግድግዳ ከመሃሉ መታችው። እንቅልፍ ላይ የነበረች ዶሮ እየጮኸች በረረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ የሰው ራስ የሚያህል ቀዳዳ እስኪከፈት ድረስ። ከአመዱ ሥር ያለው ጥቁር የኩሬ ጭቃ በትላልቁ እየተገመሰ ወደቀ። ከወለሉ አንሥታ በሁለት እጁ አስታቀፈችው።

«ውሰድ። ኸላስ። ካነሰህ ሌላው ግድግዳም አለ።»

እንዳለ ጭቃውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲወጣ እንባው ይወርድ ነበር። ሊደብቀውም አልሞከረም።

በዚያ ሳምንት እማማ ሰንበቴ ከመስኮቱ ሥር አልተነሡም። ከተዘፈዘፈው ጭቃ አጠገብ ወንበር አስጠግተው ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት ሲመጣ «ቀስ በሉ፣ እዚያ የተኙ አሉ» ይላሉ። እንዳለ ለተማሪዎች ልምምድ ከሚቀመጠው የኮሌጁ ብልቃጥ ፓራሜሲየም እያመጣ ለምናልባቱ ይጨምርበታል። ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ፤ ደፍርሶ ከጠለለው ውሃ በቀር የሚታይ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ውስጥ እያለ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው። እሳቸው ስልክ ሲደውሉ ሰው የሞተ ይመስል ይጮሃሉ።

«እንዳለ! ነጭ ነገር! ነጭ ነገር ይዋኛል! አንድ... ቆይ፣ ሌላም አለ!»

መምህር እንዳለ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል አቋርጦ ሮጠ።

እሑድ ዶክተር ጸሐይነሽ ሻንጣቸውን ይዘው ኮሌጁ ቤተ ሙከራ ገቡ። እማማ ሰንበቴም፣ ኢቲዳልም መጥተዋል፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም ደግሞ አልከለከላቸውም። ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። እንዳለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አረፋ አይደለም» አሉ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ሲቀጥሉ ድምፃቸው ተለወጠ። «አይ አንተ እንዳለ! ይሄ እኮ ሲበላ ነፍስ የለውም። እናቴ፣ እርስዎ ነዎት መጀመሪያ ያዩት? ይምጡ፣ ይምጡ በደንብ ይዩት።»

እማማ ሰንበቴ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው በሌላው አዩ። አቁማዳው አፉን ከፍቶ አለፈ። «ወይ ፈጣሪ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄን ሁሉ ሽፋሽፍት ማን አበቀለለት! እንዳው ምንም አይጎዳም? ማንንም አያሳምምም?»

«ማንንም» አሉ ዶክተሯ።

«እንግዲያው ይኑር» አሉ እማማ ሰንበቴ።

ቀኑን ሙሉ ለኩ፤ ቀለም አስገቡ፤ የአስኳሉን ጥምዝ ሣሉ። ማምሻውን ዶክተሯ «ናሙናው የተሰበሰበበት ቦታ?» ብለው ሲጠይቁ እንዳለ ተቅበዘበዘ። ኢቲዳል ናት የመለሰችው። «ከማድ ቤቴ ግድግዳ!» አለች። ዶክተር ጸሐይነሽ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ግን ቁም ነገር አነሡ። ይህ ፍጥረት በአካባቢው የተገኘባት ኩሬ ያቺ ብቻ ከሆነች፣ ዝናብ ሲመጣ እንድትከፈትና እንዳትነካ ለሚመለከተው ማመልከት ይቻላል፤ እሳቸውም ይፈርማሉ። ኢቲዳል መሬት መሬቱን አየች።

እንዳለ ወደ ብልቃጡ ተመለከተ። የሚወደው ነገር መኖሪያ ነው የቀረበለት። «አይሆንም፣ ዶክተር» አለ። «እወደዋለሁ። እግዜር ያውቃል፣ እወደዋለሁ። ግን ከኩሬዋ እስከ መጀመሪያው ቤት ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል፤ እዚያ ቤት ሕፃናት አሉ። ትፍሰስ።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እናቱ እጁን ያዙት።

ጽሑፉ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። እንዳለ ኮፒውን ለተማሪዎቹ ሳይሆን መጀመሪያ ለሚፍታህ ነው ያሳየው፤ ባጃጁ በምስጋናው ውስጥ ተጠቅሳለችና። የብልቃጥ ኑሮ ያደከማቸው አቁማዳዎች ግን ሰኔ ላይ እያለቁ ሄዱና ጠፉ። በዚያው ክረምት ጎርፍ ገረጋንቲውን ጠርጎ ወሰደው፤ ከሥሩ ዶማ ያልደረሰበት ጥቂት ጥቁር ጭቃ ቀርቶ ኖሯል፤ ውሃ ቦታውን አይረሳም፣ ኩሬዋ እንደገና ሞላች።

የመስከረሙ ዘመቻ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ዶማውን ይዞ ወጣ። ፀሐይዋ ገና በማለዳ ታቃጥላለች። ሰዉ ቶሎ ጨርሶ ወደ ሥራው መሄድ ይፈልጋል። ኢቲዳል እጇን አንሥታ «ጀምሩ!» ልትል ስትል አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ።

«ቆይ! ጠብቁኝ!»

እንዳለ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ እናቱም አዩት። ሰው አስቁሞ ያስጠበቀበት ቀን ትዝ አይላቸውም። ጫማውን አወለቀ፤ ሱሪውን ሰበሰበ፤ ውሃው ውስጥ ገባ። አልቸኮለም። በብልቃጥ ቀዳ፣ ወደ ብርሃኑ አነሣ፣ አየ፣ ደፋ። እንደገና ቀዳ። ሰዉ ዶማውን ተደግፎ ቆመ። ማንም አላጉረመረመም። አንዱ «ከወዲያ በኩል ብትሞክርስ፣ መምህር?» አለው፤ ሌላው ብልቃጥ አቀበለው። በመጨረሻ አንዱን ብልቃጥ ወደ ፀሐይዋ አንሥቶ ሳያወርደው ቀረና ሣቀ።

«አለ?» አለች ኢቲዳል።

«አለ። ብዙ አለ።»

ከውሃው ወጥቶ ብልቃጦቹን ለእናቱ ሰጠ። ከዚያ ዶማውን አንሥቶ የመጀመሪያውን ቦይ ራሱ ቀደደ።